በማርሚታው በኩል

አንሙት ሰውን በፊቱ ሳይሆን በባቱ ነው የሚያውቀው። ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ወደ ደምበጫ በሚያወጣው መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ጋራዡ ደጃፍ ተቀምጦ የአላፊ አግዳሚውን እግር ያያል። ቀኝ ባቱ ላይ የእንቁላል ቅርጽ ያለው፣ ጠርዙ የጠቆረ ጠባሳ ያለበት ሰው ሞተር ሳይክል ላይ የኖረ ሰው ነው። የሞተሩን ጢስ የሚተፋው ማርሚታ በቀኝ በኩል ስለሚያልፍ አንድ ቀን ሁሉንም ይልሰዋል። ከጠባሳው ከፍታ ተነስቶ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል። አንድ ጊዜ ከቁይ የመጣ ገበሬ ሱሪውን ሰብስቦ ሲቀመጥ አየውና፣ «ይሄን የላሰህ ያንተ ሞተር አይደለም፤ የተዋስከው ነው» ብሎ አስደንግጦታል። እውነቱን ነበር።

ሠላሳ ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል። መዳፎቹ ተቃጥለው፣ ድነው፣ እንደገና ተቃጥለው እንደ ጫማ ሶል ደርቀዋል። ሚስቱ ፋንታነሽ ወጡ ሲፈላ ጨርቅ አትፈልግም፤ «አንሙት፣ ና ድስቱን አውርድልኝ» ትለዋለች። እሱም በባዶ እጁ ከእሳት ላይ አንስቶ ያወርድላታል። እንግዳ ሲኖር ደግሞ ድስቱን እንደያዘ ቆሞ ወሬ ይጨምርበታል።

ከሚኮራባቸው ነገሮች ሁሉ በላይ ግን አንድ ታሪክ ነበረው። ልጁ የብርጓል ሰባት ዓመቷ ላይ ጋራዡ ውስጥ ስትሯሯጥ ገና ከመንገድ የገባ ሞተር ላይ ተደገፈች። ቀኝ ባቷ ማርሚታው ላይ ተለጠፈ። ደንበኞች ቆመው ነበር። አፏን ለጩኸት ስትከፍት አንሙት ጣቱን ቀሰረና፣ «የመካኒክ ልጅ አታለቅስም!» አላት። ልጅቷ አፏን እንደከፈተች ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ዘጋችው። ደንበኞቹ ሳቁ፤ አንዱ ለስላሳ ገዛላት። አባቷ ግራሶ ቀባትና፣ «እስከ ነገ ያምማል፤ ከነገ በኋላ ይተዋል» አላት። ይህን ታሪክ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ሲያወራ ኖረ። ልጅቷም ከዚያ በኋላ ስታለቅስ ያያት ሰው የለም።

የብርጓል አድጋ አማኑኤል ከተማ ላይ አስተማሪ በሆነች በሁለተኛው ዓመት፣ ወንድምአገኝ የሚባል እህል ነጋዴ ጎረምሳ ቀይ ስፖርት ሞተር እየነዳ ወደ ጋራዡ ገባ። ሞተሯን ወንድሙ ከአዲስ አበባ ልኮለት ነው። ሰው ሲነዳት ሆዱን ነዳጅ መያዣው ሰልባትዮ ላይ አስተኝቶ እንደ ጥንቸል ተጠቅልሎ ነው። ከዳር እስከ ዳር በፕላስቲክ የተሸፈነች፣ ማርሚታዋ በቀኝ በኩል ወደ ላይ የተወደረ፣ የምታምር ነገር ነበረች።

«ጋሽ አንሙት፣ ያድኑኝ። ጭኔን እየጠበሰችው ነው» አለ ወንድምአገኝ።

«ታዲያ ወንድ አይደለህም እንዴ? ቻለው።»

«ወንድነቴን እኮ ነው የምትጠብሰው!»

ጋራዡ በሳቅ ተሞላ። አንሙትም እንባው እስኪመጣ ስቆ ወደ ሥራው ገባ። ፕላስቲኩን ፈታ፤ የራዲያተሩን ክንፎች ከጤፍ ገለባና ከአቧራ በብሩሽ አጸዳ። ክዳኑ ላልቶ ነበር። «ክዳኑ ግፊት ካልያዘ እዚህ ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ይቺን የሠሯት ሰዎች ቆላ ነው የሚኖሩት» እያለ አስረዳው። የማራገቢያውን ሽቦ አይጥ በልታው አገኘ። ቀጠለውና ነጂው በእጁ የሚጫነው ማብሪያ አበጀለት። «ስማ፤ ይቺ የሮጠች እንደሆነ ንፋስ ያበርዳታል። ቀስ ካልክ ግን ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ፕላስቲኩ አፍኖ ይይዘውና ወዳንተ ይመልሰዋል። ቀስ ባልክ ጊዜ ይሄን ተጫን።»

ለማርሚታው ደግሞ ከዘይት ጣሳ መከለያ ሠራለት። አገር ያወቀው ሙያው ይህ ነው። ሌላው ሰው ቆርቆሮውን ማርሚታው ላይ አጣብቆ ያስረዋል። አንሙት ግን በቆርቆሮውና በማርሚታው መካከል አንድ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ይተዋል። «እሳቱን የሚከለክልልህ ቆርቆሮው አይደለም፤ በመካከል ያለው አየር ነው። አየሩን ከነካህብኝ ሥራዬን አፈረስክ ማለት ነው» ይላል።

ወንድምአገኝ ከዚያ በኋላ ያለ ምክንያት መመላለስ አበዛ። ቅዳሜ ቅዳሜ የብርጓል ከአማኑኤል ስትመለስ ሞተሩ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጎድለዋል። በዓመቱ ሽማግሌ ተላከ።

ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ወንድምአገኝ፣ «ድሮ ሙሽራ በበቅሎ ነበር የምትሄደው። የእኔ በቅሎ ይቺው ናት፤ በሞተሬ ነው የምወስዳት» ብሎ ተነሳ። አንሙት ደስታው ወሰን አጣ። ዕድሜውን ሙሉ ከሥሩ ተኝቶ ሲፈታው የኖረው ብረት የልጁ በቅሎ ሊሆን ነው። ፋንታነሽ ብቻ፣ «ቬሎ ለብሳ ምኑ ላይ ትፈናጠጣለች?» አለች።

«በጎን ትቀመጣለቻ» አሉ የወንድምአገኝ አጎት አቶ አምደሚካኤል። ሽማግሌዎቹን የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ቃላቸው አይመለስም። «በጎን፣ እግሯን በቀኝ በኩል አድርጋ። ቀኝ ያውላችሁ ብለን መርቀን በግራ ልናስቀምጣት ነው?»

ቤቱ ሁሉ «እውነት ነው» አለ።

ቀኙ የማርሚታው በኩል ነው። ይህንን እዚያ ቤት ከተቀመጡት ሁሉ በላይ የሚያውቀው አንሙት ነበር። «በቀኝ እንኳ…» ብሎ ጀመረ።

አቶ አምደሚካኤል ፈገግ አሉ። «ምነው? ይሄን ያህል የሚወራለትን መከለያዎን ራስዎ አያምኑትም እንዴ?»

አንሙት ተነሳ። ሞተሯን አስነስቶ እስከ አማኑኤል ጋልቦ ተመለሰ። ሽማግሌዎቹ፣ ሚስቱና ልጁ ደጅ ወጥተው እየተመለከቱ መዳፉን መከለያው ላይ ለጠፈ። «ቁጠሩ!» አለ። እስከ ሠላሳ ቆጠሩ። እጁን አንስቶ ለሁሉም አሳያቸው። መዳፉ ምንም አልሆነም። አቶ አምደሚካኤል ጣታቸውን ዘርግተው ነበር፤ ሊነኩ ሲሉ፣ «አመንኩ፣ አመንኩ» ብለው ሰበሰቡት። ሰዉ ሳቀ።

ያ እጅ ድስት የሚያወርድ እጅ መሆኑን ፋንታነሽ ታውቃለች። የብርጓልም ታውቃለች። በዚያን ሰዓት ግን ማንም አላስታወሰውም።

የሠርጉ ዕለት ሞተሯ ተሸልማ መጣች። የወንድምአገኝ እህቶች ከዋዜማው ጀምረው ቀይ ጥብጣብ፣ ነጭ መረብና የፕላስቲክ አበባ አልብሰዋታል። ሙሽራዋ የወላጆቿን ጉልበት ስማ ወጣች፤ ሚዜዎቹ አንስተው እግሯን በቀኝ በኩል አድርገው አስቀመጧት። አንሙት ቬሎዋን ከጎማው ሊሰበስብላት ጎንበስ አለ። ዓይኑ ማርሚታው ላይ አረፈ። ሴቶቹ ለአበባው መያዣ ፈልገው በቆርቆሮውና በማርሚታው መካከል ያለውን ክፍተት በመረብና በጥብጣብ ጠቅጥቀውታል። አንድ ጣት ቀርቶ ክር አያሳልፍም። አየሩ ጠፍቷል።

«ቆይ አንዴ፤ ይሄን ላውጣው» አለ።

«ምኑን?» አሉ አቶ አምደሚካኤል።

«ጥብጣቡን። ትውረድና…»

«ትውረድ? ደጃፍ የወጣችን ሙሽራ አባት ያወርዳታል? ሟርት ነው እንዴ የያዙት?»

እልልታው አየሩን ሞልቶታል፤ ከበሮው ከፊት ሆኖ ይመታል። አንሙት ቀና ብሎ ልጁን አየ። በዓይነ ርግቧ ሥር፣ ሙሽራ አትናገርምና ከንፈሯን ሳታላውስ፣ «ተው አባዬ፤ ምንም አልሆንም» አለችው።

ጥብጣቡን በአንድ ደቂቃ መዝዞ ማውጣት ይችል ነበር። ቢላው ኪሱ ውስጥ ነበር። እሱ ግን ወደ ወንድምአገኝ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ፈጠን ብለህ ንዳ። ማራገቢያውን እንዳትረሳ» ብቻ አለ።

«እሺ አባባ!» አለ ሙሽራው። ከጩኸቱ የተነሳ የሰማው ግማሹን ነው።

የሙሽራ አባት ሙሽራን አጅቦ አይሄድም። አንሙት ዳሱ ውስጥ ከእንግዶች ጋር ቀረ። የሙሽራው ቤት በከተማዋ ሌላኛው ጫፍ ነው፤ በሞተር አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ሆኖም ዘፋኞቹና ከበሮ መቺዎቹ በእግራቸው ከፊት ስለነበሩ ሞተሯ የምትሄደው በእነሱ እርምጃ ነበር። አንሙት ብርሌውን ይዞ አዳመጠ። በአንደኛ ማርሽ፣ በግማሽ ፍሪሲዮን። ትቆማለች፤ ዘፈን። ትንቀሳቀሳለች፤ ትቆማለች። ድምፁ ቀስ በቀስ እየወፈረ፣ እየታፈነ መጣ። የሞቀ ሞተር ድምፅ ነው፤ በእንቅልፉም አይስተውም።

«ጋሽ አንሙት፣ ይጫወቱ እንጂ! ዛሬ ምን ያሳስብዎታል?» አለ አንዱ።

ተነስቶ ወደ ጓሮ ሄደ። አሮጌ ሞተሩ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ቁልፉን አወጣ። ፋንታነሽ ከኋላው ደረሰች።

«የት ልትሄድ ነው?»

«ድምፁን አልወደድኩትም።»

«የምኑን ድምፅ? ልጁን እየተከተለ የሚሮጥ አባት አይተህ ታውቃለህ? ምን ሊሉን ነው? ‹ልጃቸውን መስጠት አቃታቸው› ሊሉን?»

ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ። ድምፁ ከአንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በኋላ ጠፋ። ሰዓቱን ሲያይ ስለነበር በትክክል ያውቃል።

በማግስቱ ጠዋት ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ደመላሽ፣ ሞተሯን እየነዳ ጋራዡ ደጃፍ አቆማት። «ጥብጣቡ ቀልጦ ማርሚታው ላይ ተጣበቀ። ጋሽ አንሙት ያጽዱልኝ ብሏል ሙሽራው።»

አንሙት ስለት ይዞ ተንበረከከ። መጀመሪያ ቀዩ ተነሳ። ከቀዩ ሥር ነጩ መረብ እንደ ሙጫ ሆኖ ወጣ። ከመከለያው ጠርዝ በላይ፣ ማርሚታው ራቁቱን በሚወጣበት ጫፍ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር። ቡናማ፣ ስስ፣ የተጨማደደ። ስቶኪንግ ነው። ቀለሙን ያውቀዋል፤ ፋንታነሽ ከገበያ ገዝታ ስታሳየው፣ «ይሄ ደግሞ ከቆዳ በምን ይለያል?» ብሎ ቀልዶባት ነበር። በስለቱ ጫፍ ገፋ አደረገው። ከስቶኪንጉ ሥር ስቶኪንግ ያልሆነ ነገር አብሮ ተነሳ።

ስለቱን ወደ ብርሃን አዞረው።

«ሙሽራይቱ እንዴት ናት?» አለ ቀና ሳይል።

«ደህና ናት። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! ከተቀመጠችበት ንቅንቅ አትልም።»

አንሙት ስለቱን በጨርቅ ጠረገ። የሙሽራ ወላጅ መልስ ሳይደርስ የአማቹን ደጅ አይረግጥም፤ ለራሱ የሰጠው ምክንያት ይህ ነበር። ነገር ግን ሌላም ነበረ። ሄዶ እግሯን አሳዩኝ ቢል መከለያው እንዳልያዘ በገዛ አፉ መናገሩ ነው። ሠላሳ እስኪቆጠር እጁን ለጥፎበታል። ማርሚታውን በአሸዋ ወረቀት አሽቶ መስተዋት አስመሰለውና ለደመላሽ አስረከበው። ለፋንታነሽም አልነገራትም። መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ሦስት ቀን ምን አላት ብሎ አሰበ።

የመልሱ ዕለት የብርጓል የባሏን ትከሻ ተደግፋ ገባች። ሴቶቹ፣ «ውይ ሲዋደዱ!» አሉ። ፊቷ አመድ መስሏል። ሽቶ አብዝታ ተቀብታ ነበር፤ ከሽቶው ሥር ሌላ ሽታ ነበር፤ አንሙት ከተቀመጠበት ሆኖ አወቀው።

ምግቡ ቀርቦ መጠጡ ሲሞቅ ወንድምአገኝ ተነስቶ ቆመ። «አባባ፣ ልጅ እንዲህ ነው የሚያሳድጉት! አንድ ሰዓት ሙሉ ስንሄድ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። እኔ ወንዱ ጭኔ ተለብልቦ ስቁነጠነጥ፣ እሷ ግን ዝም! የፕላስቲክ አበባው ሲቃጠል እንኳ እየሸተተን ዝም!»

ሰዉ አጨበጨበ። አቶ አምደሚካኤል ስልካቸውን አውጥተው ፎቶውን ለጎረቤታቸው አሳዩ። «አንገቷን የደፋችበትን እዩልኝ። ጨዋነት ይሄ ነው።» ስልኩ እየዞረ አንሙት ጋር ደረሰ። ልጁ አንገቷን ደፍታለች። አንድ እጇ የባሏን ኮት ከኋላ ጨምድዶ ይዞታል፤ ጨርቁ ከስፌቱ ሊላቀቅ ምንም አልቀረው።

ስልኩን ሲመልስ የብርጓል ከጓዳው በር በዓይኗ ጠራችው። ገባ። እህል ማዳበሪያው ላይ ተቀምጣለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለች። «በልጅነቴ ሲያቃጥለኝ ‹እስከ ነገ ያምማል፤ ከዚያ ይተዋል› ብለኸኝ ነበር። እውነትህን ነበር፤ ተወኝ። ይሄ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ለምን አይተወኝም?»

ቀሚሷን ከፍ አደረገች። ለባሏ ‹ወለምታ ነው› ብላ በነጠላ ቅዳጅ የጠቀለለችውን ፈታችው። ቀኝ ባቷ ከጉልበቷ ሥር እስከ ተረከዟ አጠገብ ድረስ ባት አልነበረም። የልጅነቷ ጠባሳ ከመካከሉ ጠፍቷል። ሰውን በባቱ የሚያውቀው አንሙት ፊቱን አዞረ።

«ለምን አልተናገርሽም? ምነው ያኔውኑ ብትጮኺ!»

የብርጓል ተገርማ አየችው። «በሰው ሁሉ ፊት መከለያው ላይ እጅህን አድርገህ እኮ ነበር» አለች።

ውጭ ከበሮው እንደገና ተጀመረ።

ሆስፒታል ሁለት ወር ተኛች። «በመጀመሪያው ቀን መጥታ ቢሆን ኖሮ…» አለ ሐኪሙ፤ አንሙት ቀሪውን አልሰማም። ከጭኗ ቆዳ ወስደው ባቷ ላይ ሰፉላት። እግሯ ተረፈ፤ ጅማቱ ግን አጥሮ ተረከዟ መሬት አልነካ አለ። ወንድምአገኝ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ይመጣ ነበር። ከዚያ እሑድ እሑድ ብቻ። ከዚያ ብርቱካን በደመላሽ ይልክ ጀመር። በመጨረሻ አቶ አምደሚካኤል ከሁለት ሽማግሌ ጋር መጡ፤ የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ ተቀመጡ።

«እግሯ የቆየ ነገር አለው ይባላል» አሉ።

«ምን ያለ የቆየ ነገር?» አለች ፋንታነሽ።

«እኛ ምን እናውቃለን? በልጅነቷ ቀኝ እግሯ መቃጠሉን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሲያወሩልን የኖሩት አቶ አንሙት ናቸው። አገር የሰማው ነው። ያላችሁን ነገር አልነገራችሁንም ብሎ ልጃችን አዝኗል።»

አንሙት አፉን ከፈተ። የሚናገረው ነበረው፤ ጥብጣቡ፣ ክፍተቱ፣ አንድ ሰዓት ከአሥር ደቂቃው። ሁሉም ግን የሚጀምረው ከእሱ መዳፍ ነበር። አፉን ቀስ ብሎ ዘጋው።

የብርጓል አሁን ከወላጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። አማኑኤል ሄዳ የምታስተምረው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው፤ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን የክፍል አለቃዋ ትጽፍላታለች። የሠርጉ ፎቶ ከተማው ውስጥ ካለ አንድ ፎቶ ቤት መስኮት ላይ ትልቅ ሆኖ ተሰቅሏል፤ ሊያገቡ የሚያስቡ ልጆች ቆመው ያዩታል። ባለፈው አንዱ ጥቁር ስፖርት ሞተር ይዞ ጋራዡ መጣና፣ «ጋሽ አንሙት፣ ልክ እንደዚያ መከለያ ይሥሩልኝ። ለሠርጌ ነው» አለ። አንሙት የቆርቆሮ መቀሱን አንስቶ ለጎረምሳው እጁ ላይ አስቀመጠለትና ወደ ቤቱ ሄደ። ጋራዡን ሳይዘጋ።

ከሥራ ስትመለስ ጀምበር ሳትጠልቅ ደጃፉ ላይ ይቀመጣሉ። እሷ እግሯን ጭኑ ላይ ታደርጋለች። እሱ ባቷን በቅባት ያሸዋል፤ ቀጥሎ የእግሯን መዳፍ ይዞ ወደ ላይ ይገፋል። ጅማቱ እንዲዘረጋ በየቀኑ መገፋት አለበት። ይህንን ያስተማረችው ሆስፒታል እግር የምታሠራው ሲስተር እየሩስ ናት። ስታስተምረው አንድ ነገር ደጋግማ ነግራዋለች፤ «ሲያማት ትንገርህ፤ ‹በቃ› ስትል ታቆማለህ። ካለፍክ ጅማቱ ይበጠሳል፤ ካልደረስክ ይደርቃል። ልኩን የምታውቀው ከእሷ ድምፅ ነው።»

አንሙት ይገፋል። መዳፉ አይነግረውም፤ የሞተ መዳፍ ነው። ቀና ብሎ ፊቷን ያያል። የብርጓል ከአጥሩ ማዶ መንገዱን እያየች ነው። ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ብሏል። ከንፈሯ ግጥም ብሎ ተዘግቷል።

«አመመሽ?»

ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«ልጄ፣ በማርያም፤ ‹በቃ› በይኝ።»

ትንሽ ጨምሮ ገፋ።

«ጩኺ እንጂ» አላት። «የብርጓል፣ ጩኺ!»

ፋንታነሽ ከውስጥ ድስቱን አውርድልኝ ብላ ተጣራች። ማንም አልመለሰላትም። አንሙት የልጁን እግር እንደያዘ፣ መግፋቱንም መተዉንም ፈርቶ፣ የተዘጋውን አፏን እያየ ቀረ።